ሚቴንን በመዳብ ዜኦላይት ወደ ሜታኖል መቀየር፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ ሰው

ዜኦላይት ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ፣ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቁስ ነው። ይህ ጽሑፍ ቱቦ ፈርነስ (ቱቦ አስገብተው የሚያግሉበት ምድጃ)፣ የኦክስጅን፣ የናይትሮጅንና የሚቴን ሲሊንደር፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ላላቸው ሰዎች ነው። የማስተርስ ጥናት የሚጀምሩ ተማሪዎችን አስቤያለሁ። የኬሚስትሪ መምህራንንና እንደ እኔ ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ የሚውሉ ባለሙያዎችንም አስቤያለሁ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ስለዚህ የምናገረው ለዚህ ብርድ፣ ለዚህ ጉምና ለዚህ ከፍታ የሚሆነውን ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ከተማ አስተካክሏቸው።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አዲስ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ለውጡን የሚያፋጥን ቁስ) ፍለጋ ይሮጣል። እኔ ግን ውጤት የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው ባይ ነኝ። ውሃ በሰዓቱ ሲመጣ ሜታኖሉን ከካታሊስቱ ላይ አላቅቆ የሚሰጠን እሱ ነው። ያለ ሰዓቱ ሲመጣ ግን ሥራው ገና ሳይጀመር ያልቃል። ከታች ያለው ነገር ሁሉ ሲጠቀለል ውሃን መቼ ማባረር፣ መቼ መጥራት እንዳለብን ነው።

ሚቴን ለምን ያስቸግራል?

ሚቴን አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ነው። ከአራቱ አንዱን ሃይድሮጅን ለመንቀል በሞል 439 ኪሎጁል ያህል ያስፈልጋል። ሜታኖል ላይ ያለው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ግን ወደ 402 ኪሎጁል ዝቅ ይላል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሚቴንን ለመንካት አቅም ያለው ነገር ሁሉ የተሠራውን ሜታኖል ይበልጥ በቀላሉ ያጠቃዋል። ካላቆምነው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ ያርፋል።

ፋብሪካዎች ይህን ችግር ዞረው ነው የሚያልፉት። ሚቴንን ከእንፋሎት ጋር ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በኒኬል ላይ ያሳልፉና መጀመሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ያደርጉታል። ቀጥለው ያንን ድብልቅ ከ50 እስከ 100 ባር በሚደርስ ግፊት መዳብ፣ ዚንክ ኦክሳይድና አሉሚና ባለበት ካታሊስት ላይ ሜታኖል ያደርጉታል። ይህ ትልቅ ፋብሪካ፣ ብዙ ሙቀትና ብዙ ብር ይጠይቃል። ረግረግ መሬት ላይ የሚኖሩ ሚቴን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ግን ያንኑ ሥራ በአካባቢው ሙቀት ይሠሩታል። ከኢንዛይሞቻቸው አንዱ ውስጥ ያለው የብረት ዓይነት ደግሞ መዳብ ነው።

መዳብን ዜኦላይት ውስጥ አስገብቶ ያንን መምሰል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቤልጂየም ሉቨን ያሉ ተመራማሪዎች አሳዩ። መዳብ የገባበትን ዜድ-ኤስ-ኤም-5 የተባለ ዜኦላይት በኦክስጅን አግለው፣ ከ200 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ሚቴን ሲሰጡት ሜታኖል አገኙ። በ2009 ከስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የሚሠራው ክፍል ሁለት መዳብ በአንድ ኦክስጅን የተያያዙበት ጎባጣ ቅርጽ መሆኑን አስረዱ። በ2015 ደግሞ ሙኒክ ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ሞርደናይት በሚባለው ዜኦላይት ውስጥ ሦስት መዳብ የያዘ ክምችት እንዳለ አቀረቡ። ክርክሩ ዛሬም ይቀጥላል። ለእኛ ለጀማሪዎች ግን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ መዳቡ ቀዳዳው ውስጥ ተበትኖ መቀመጥ አለበት። ከቀዳዳው ውጭ ተጠራቅሞ ጥቁር ኮፐር ኦክሳይድ ከሆነ ሚቴኑን ከማቃጠል ውጭ ጥቅም የለውም።

የትኛውን ዜኦላይት ልግዛ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሞርደናይት ውሰዱ። ዋናው መተላለፊያው 0.65 በ0.70 ናኖሜትር ነው፤ ሚቴን ደግሞ 0.38 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። ከመተላለፊያው ጎን ትናንሽ ኪሶች አሉት። መዳቡ ጎጆ የሚሠራው እነሱ አካባቢ ነው።

ስትገዙ የምትጠይቁት የሲሊከንና የአሉሚኒየም ጥምርታ ነው። 10 አካባቢ ይሁን። አሉሚኒየም ባለበት ቦታ ሁሉ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይኖራል፤ መዳቡን የሚይዘው ያ ቻርጅ ነው። በዚህ ጥምርታ በ1 ግራም ውስጥ 1.5 ሚሊሞል ገደማ አሉሚኒየም አለ። አሉሚኒየሙ ካነሰ መዳቡ የሚቀመጥበት ያጣል። ሻጩ ጥምርታውን ካልነገራችሁ ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ።

መዳቡን ማስገባት

የሚያስፈልገው ኮፐር አሲቴት ነው። 2 ግራሙን በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ብትበጠብጡት 0.01 ሞላር ይሆናል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። በውስጡ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም የመዳቡን ቦታ ይሻማል።

ኮፐር አሲቴት ከጠፋ ከኮፐር ሰልፌት መሥራት ይቻላል። ሰማያዊው ክሪስታል ነው፤ ለከብት ኮቴ መዘፍዘፊያ የሚሆነው። 25 ግራሙን በለብታ ውሃ አሟሙት። በሌላ ቢከር 17 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አሟሙና ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። አረፋው ይነሳል፣ ስለዚህ ቢከሩ ሰፊ ይሁን። አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ዝቃጭ ይወርዳል። ይህን ደጋግማችሁ እጠቡት። የማጠቢያው ውሃ ላይ ባሪየም ክሎራይድ ጠብ ሲደረግ ነጭ ደመና እስካልታየ ድረስ ነው የሚታጠበው። ነጭ ከታየ ሰልፌት ገና አለ ማለት ነው፤ ሰልፈር ደግሞ የዚህ ሥራ ጠላት ነው። ባሪየም መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጉ። ንጹሁን ዝቃጭ በአሴቲክ አሲድ አሟሙት፣ አጥልሉት፣ በቀስታ አትንኑት። ጥቁር አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚመታ የሚያምር ክሪስታል ይወጣል።

አሁን 2 ግራም ዜኦላይት በ200 ሚሊ ሊትር ብጥብጡ ውስጥ ጨምሩና ማግኔቲክ ስተረር ላይ አሳድሩት። ማሞቅ አያስፈልግም። የምትጠብቁት ፒኤቹን ነው። ከ5 እስከ 6 መሀል ይቆይ። ከፍ ካለ መዳቡ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ከዜኦላይቱ ውጭ ይዘቅጣል። ዓይናችሁም ይነግራችኋል፤ ፈሳሹ ሲቆም ከነጩ ዱቄት በላይ አረንጓዴ ጭቃ የሚመስል ስስ ሽፋን ካያችሁ ተበላሽቷል። ያንን ድፉትና እንደገና ጀምሩ፤ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

በማግስቱ አጥልሉ፣ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ፣ በአዲስ ብጥብጥ ድገሙት። ብዙዎች ሦስት ጊዜ ያደርጉታል። በመጨረሻ ፊልተር ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ዱቄት ፈዘዝ ያለ ሰማይ ሰማያዊ ነው። 110 ዲግሪ ላይ ኦቨን ውስጥ አሳድሩት። ከዚያ በፈርነስ በአየር ወደ 550 ዲግሪ አውጡት፤ በደቂቃ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ ሳይበልጥ። ሙቀቱ ቶሎ ከወጣ ውስጡ ያለው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ አሉሚኒየሙን ከግድግዳው ይነቅለዋል። ሲወጣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ኮፐር ኦክሳይድ ሠርቷል፤ እሱን ይዞ ወደፊት መሄድ ጋዝ ማባከን ነው።

መዳቡ ስንት እንደገባ በአቶሚክ አብዞርፕሽን (የብረት መጠን በሚለካ የብርሃን መሣሪያ) አስለኩ። ግማሹ ሰው ይህን ይዘለዋል። ግን ሳይለካ በኋላ ስለ ውጤት ማውራት አይቻልም። 3 በመቶ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በ1 ግራም ውስጥ 470 ማይክሮሞል ያህል መዳብ ማለት ነው።

ማድረቅ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሥራው ልብ ይህ ነው።

ሞርደናይት ክፍት ቦታ ላይ ሲቀመጥ ከክብደቱ 10 በመቶ የሚሆን ውሃ ከአየር ይጠጣል። በነሐሴ ጠዋት ጉሙ መስኮቱ ድረስ ሲመጣ፣ ክዳኑን የረሳ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመዝነው ዜኦላይትና ውሃ ነው። እርጥብ ኩበት እሳት ላይ የጨመረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ሙቀት ውሃውን ለማባረር ነው፣ የሚተርፈው ጭስ ብቻ ነው። ዜኦላይትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ እዚህ ጭስ የለም፤ ምንም ሳይታያችሁ ውጤቱ ባዶ ይሆናል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሚቴንን የሚይዘው ክፍል መዳብ-ኦክስጅን-መዳብ የሆነው ድልድይ ነው። የውሃ ሞለኪውል ሲደርስበት ድልድዩን ከፍቶ ሁለት መዳብ-ሃይድሮክሳይድ ያደርገዋል። ሃይድሮክሳይድ የሆነው ሚቴንን አይነካም። ስለዚህ ዜኦላይቱን ብቻ ሳይሆን የሚያልፍበትን ጋዝ ሁሉ ማድረቅ ግድ ነው።

በእያንዳንዱ የጋዝ መስመር ላይ 3ኤ ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጥ ባለ ቀዳዳ ጠጠር) የሞላ ቱቦ አስገቡ። ሲቩን መጀመሪያ 300 ዲግሪ ላይ አድርቁት፤ ከሱቅ እንደመጣ ከተጠቀማችሁበት ራሱ ውሃ ሰጪ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ላይ የፕላስቲክ ቱቦ አታብዙ። ለስላሳው ላስቲክ ከውጭ እርጥበት ያሳልፋል። ብረት ወይም መዳብ ቱቦ ይሻላል።

መድረቁን በዓይን ማየት ለሚፈልግ አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ። ኤችኬዩኤስቲ-1 የሚባል ከመዳብና ከትራይሜሲክ አሲድ የሚሠራ ባለ ቀዳዳ ቁስ አለ፤ በ1999 ከሆንግ ኮንግ የወጣ ነው። የዚህ ዓይነት የብረትና የኦርጋኒክ መዋቅሮች ሞፍ ይባላሉ፤ የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው በዚህ ዘርፍ ለሠሩት ለኪታጋዋ፣ ለሮብሰንና ለያጊ ነው። ኤችኬዩኤስቲ-1 እርጥብ ሲሆን ውሃ ሰማያዊ ነው። ሲደርቅ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ጥቂት ቅንጣት በመስታወት ቱቦ ከማድረቂያው በኋላ አስቀምጡ። ቀለሙ መልሶ መፍካት ሲጀምር ሲቩ ጠግቧል፣ ቀይሩት። ለዋናው ሥራ ግን ይህን ቁስ አትጠቀሙ፤ ከታች የምነግራችሁን 450 ዲግሪ አይችልም።

ማግበር፣ ሚቴን መስጠት፣ ማውጣት

ዱቄቱን በፕሬስ ጨምቃችሁ እንደ ድፍን አድርጉት፣ ሰብሩት፣ ከ250 እስከ 500 ማይክሮሜትር ያለውን በወንፊት ለዩ። ዱቄቱ እንዳለ ከገባ ጋዙን ይዘጋል። ግማሽ ግራም በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ በኳርትዝ ሱፍ ላይ አስቀምጡ። ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው ሽቦ) ካታሊስቱ መሀል ይግባ። የፈርነሱ ማሳያ የሚለውና ካታሊስቱ የሚሰማው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

ማግበሩ፣ ማለትም ካታሊስቱን ለሥራ ማንቃቱ፣ በደረቅ ኦክስጅን ነው። ቀስ ብላችሁ 450 ዲግሪ አድርሱትና ጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ውሃው ይወጣል፣ መዳቡ ድልድዩን ይሠራል። ኦክስጅኑ እንዳለ ወደ 200 ዲግሪ አውርዱት።

አሁን ኦክስጅኑን ዝጉና ደረቅ ናይትሮጅን ለግማሽ ሰዓት አሳልፉ። ይህን በጭራሽ አታሳጥሩት። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል፤ በንጹህ ኦክስጅን ደግሞ ይብሳል። ሁለቱ ጋዞች መስመር ላይ መገናኘት የለባቸውም። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውሃ ፈትሹ። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ቆርቆሮው ሥር ይወጣል፤ ስለዚህ መውጫው ቱቦ ከክፍሉ ውጭ ይሁን። ብርድ ነው ብሎ ከሰል ወይም ማሞቂያ እዚያ ክፍል ማስገባት አይታሰብም።

ቀጥሎ ሚቴን በ200 ዲግሪ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይሂድ። በዚህ ጊዜ ከመውጫው ሜታኖል አትጠብቁ። የተሠራው ነገር ሜቶክሲ (አንድ ሃይድሮጅን የጎደለው ሜታኖል) ሆኖ መዳቡና ዜኦላይቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የማልወደው ነገር አንዳንዱ ሰው እዚህ ደርሶ «ምንም አልወጣም» ብሎ ተስፋ መቁረጡ ነው። መጣበቁ መልካም ነገር ነው። የተጣበቀው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳይሄድ የሚጠብቀው ራሱ መጣበቁ ነው። ሚቴኑን ዝጉ፣ መስመሩን በናይትሮጅን አጽዱ፣ አቀዝቅዙ።

ውሃ የሚጠራው አሁን ነው። ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ጂሲ (ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ የተደባለቁ ነገሮችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው ናይትሮጅኑን በሞቀ ውሃ ውስጥ አሳልፎ እንፋሎት ይዞ በ135 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካታሊስቱ ላይ ያደርሰዋል። የሌለው ደግሞ ካታሊስቱን አውጥቶ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ይናወጣል፣ በሴንትሪፉጅ ይለያል፣ ከላይ ያለው የጠራው ውሃ ይለካል። እኛ አገር ለመጀመር ይህኛውን እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም።

መብራት ቢጠፋስ? በኦክስጅን ላይ እያለ ከጠፋ ኦክስጅኑ ይቀጥል፤ ሲመጣ ሙቀቱን ከታች ጀምራችሁ አውጡት። በሚቴን ላይ ከጠፋ ወዲያው ሚቴኑን በእጅ ዘግታችሁ ናይትሮጅን ልቀቁ። ለዚህ ሲባል የናይትሮጅኑ መስመር ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ሮታሜትር (የጋዝ ፍሰት መለኪያ) ይኑረው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መቆጣጠሪያ መብራት ሲሄድ ራሱን ይዘጋል፤ ያኔ የሚያጥብ ጋዝ አይኖራችሁም።

ከፍታችንን አትርሱ

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ግድም ላይ ናት። የአየሩ ግፊት 71 ወይም 72 ኪሎፓስካል ነው፤ ውሃ የሚፈላውም 91 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለሥራችን ትርጉም አለው። በባሕር ወለል ግፊት የተስተካከለ ሮታሜትር እዚህ የሚያሳየውን እንዳለ አትመኑት። በሳሙና አረፋ ፍሎ ሜትር ለኩና ሞሉን በራሳችን ግፊት አስሉት። በአንድ ሊትር ጋዝ ውስጥ ያለው ሞለኪውል በዚያው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

እንፋሎቱም እንደዚሁ። 60 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 20 ኪሎፓስካል ያህል እንፋሎት ይሰጣል። ባሕር ወለል ላይ ይህ ከጋዙ 20 በመቶ ነው፤ እዚህ 28 በመቶ ይሆናል። ከውጭ ጽሑፍ የወሰዳችሁትን ቁጥር ሳታስተካክሉ ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ። ሚቴኑም እዚህ በ0.7 አትሞስፌር ነው የሚደርሰው። በ2016 ከዙሪክ የወጣ ሥራ ማግበሩንም ሚቴኑንም በ200 ዲግሪ አድርጎ የሚቴን ግፊት ሲጨምር ምርቱ እንደሚያድግ አሳይቷል። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ ግፊቱን በግልጽ ጻፉ። የእኛ ውጤት ዝቅ ያለ ቢመስል አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

መለካትና መቁጠር

ጂሲ ካለ በታወቀ የሜታኖል መጠን ካሊብሬት አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ከሌለ ስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለም ድምቀት መለኪያ) ይበቃል። ሜታኖሉን በአሲድ ውስጥ በፐርማንጋኔት ወደ ፎርማልዲሃይድ ቀይሩት፣ ትርፉን ፐርማንጋኔት በሶዲየም ባይሰልፋይት አጥፉት፣ ክሮሞትሮፒክ አሲድ በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምራችሁ አሙቁት። ሐምራዊ ቀለም ይወጣል። 575 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። አረቄ ውስጥ ያለ ሜታኖል ለመመርመር የሚያገለግለውም ይኸው ዘዴ ነው፤ የአረቄ አገር ለሆነው ለሰሜን ሸዋ ላብ ሁለት ጥቅም አለው። ሰልፈሪክ አሲዱ ሲጨመር ስለሚግል ብልቃጡ በረዶ ውስጥ ይሁን፣ መነጽር አይረሳ።

ምን ያህል ትጠብቁ? በ1 ግራም 40 ማይክሮሞል ካገኛችሁ ለጀማሪ ጥሩ ነው። በግማሽ ግራም 20 ማይክሮሞል ማለት ነው፤ 0.64 ሚሊግራም። በ2 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በሊትር 320 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ በሐምራዊው ቀለም በደንብ ይለካል፤ እንዲያውም ሳታቀጥኑት አይነበብም።

ቀጥሎ በመዳብ አካፍሉት። 40 ማይክሮሞልን ለ470 ብታካፍሉ 0.085 ነው፤ ለመቶ መዳብ ስምንት ተኩል ሜታኖል ብቻ ተገኘ ማለት ነው። አንድ ሜታኖል ለማግኘት ሁለት መዳብ ካስፈለገ ከፍተኛው 0.5 ነው፤ ሦስት ካስፈለገ 0.33። ከዚህ በላይ ካገኛችሁ ከመደሰት በፊት ባዶ ሙከራዎቹን ተመልከቱ።

ባዶ ሙከራ ስል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መዳብ የሌለው ዜኦላይት በሁሉም ደረጃ ማለፍ አለበት። ሁለተኛው መዳብ ያለበት ሆኖ ሚቴን ያልተሰጠው። በቂ ያልታጠበ አሲቴት፣ ላቡ ውስጥ ክፍት የተተወ የሜታኖል ጠርሙስ፣ ለማጠቢያ የተጠቀማችሁበት አልኮል፣ ሁሉም የውሸት ውጤት ይሰጣሉ። የማስተርስ ተማሪ ይህን ሳያደርግ ሲመጣ ጠረጴዛውን አልለቅለትም፤ በማይታመን ቁጥር ላይ ዓመት ማባከን ያሳዝነኛል።

ሜታኖሉን ማንም እንዳይቀምስ። ትንሽ መጠን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ሽታው አልኮል ስለሆነ ብልቃጡ ላይ በትልቁ በአማርኛ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉ፣ ላቡን የሚያጸዱ ሰዎችም ይነገራቸው። የጠጣ ሰው ደህና ቢመስልም ያኑ ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

የባዮጋዙ ነገር

ጫጫ አቅጣጫ የወተት ላሞች ያሏቸው አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ «ስንዱ» የሚባለው ዓይነት የባዮጋዝ ጉድጓድ አላቸው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የተስፋፋው ነው። «ልጄ፣ ይሄ ጋዝ ወደ ነዳጅ ይቀየራል አሉ፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እውነት ነው እማማ፤ ለእርስዎ ግን ወጥ ቢሠሩበት፣ ቡና ቢያፈሉበት ነው የሚሻለው» አልኳቸው። አሁንም መልሴ ያው ነው። ከአንድ ቤት ጉድጓድ የሚወጣ ጋዝ ኩበትን ከምድጃ ካዳነ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሜታኖል መሥራት የቤት ሥራ አይደለም።

ለላብ ግን ባዮጋዝ መጠቀም እደግፋለሁ። የሚያስፈልገው በጣም ትንሽ ነው። 60 በመቶ ሚቴን ያለበት አንድ ሊትር ባዮጋዝ እዚህ ግፊት ላይ 18 ሚሊሞል ገደማ ሚቴን ይይዛል፤ ከምናወጣው 20 ማይክሮሞል ሜታኖል ወደ ዘጠኝ መቶ እጥፍ ነው። በጎማ ከመነዳሪ ሞልቶ ማምጣት ይበቃል። ግን መጀመሪያ በሲሊንደር ሚቴን ውጤት ያግኙ፣ ከዚያ ወደ ባዮጋዝ ይሻገሩ። ሁለቱን በአንድ ላይ የጀመረ ሰው ሲበላሽበት ጥፋቱ የት እንዳለ አያውቅም።

ማጽዳቱ ሦስት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። መጀመሪያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ነው። መዳቡን ጥቁር ሰልፋይድ ያደርገዋል፣ ካታሊስቱ ከዚያ በኋላ አይመለስም። የብየዳ ቤት የብረት ብናኝ ሰብስቡ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ በደንብ ይዛግ፣ ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ሙሉት። ዝገቱ ሰልፈሩን ይይዘዋል። መውጫው ላይ ሌድ አሲቴት የተነከረ ወረቀት አድርጉ፤ ከጠቆረ ዝገቱ አልበቃም። የጠገበውን ዝገት አየር ላይ ስታወጡት ስለሚግል ክምር አታድርጉት፣ ከሚቀጣጠል ነገርም አርቁት። ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በኮስቲክ ሶዳ ወይም በኖራ ውሃ አሳልፉት። እሱ መዳቡን ብዙ አይጎዳም፣ ሚቴኑን ግን ያቀጥነዋል። ሦስተኛው ማድረቅ ነው። የሚያሳዝነው ሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች ጋዙን ያረጥቡታል፤ ስለዚህ ሲቩ የግድ መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ ከሲሊንደር ጋዝ ይልቅም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል።

ከዚህ ቀጥሎ ምን ይሞከር?

ካታሊስቱን መልሳችሁ አድርቁት፣ በኦክስጅን አግብሩት፣ ዙሩን ድገሙት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ብዙ ካነሰ አሉሚኒየሙ እየተነቀለ ወይም መዳቡ እየተጠራቀመ ነው።

በደረጃ ሳይሆን በተከታታይ መሥራትም ተሞክሯል። በ2016 አሜሪካ ኤም አይ ቲ ያሉ ተመራማሪዎች ሚቴን፣ ጥቂት ኦክስጅንና እንፋሎት በ210 ዲግሪ አብረው አሳልፈው ሳያቋርጡ ሜታኖል አግኝተዋል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ሞፎቹም ተስፋ አላቸው። በ2018 መዳብ የገባበት ሞፍ-808 በናይትረስ ኦክሳይድ 150 ዲግሪ ላይ ሠርቷል፤ ዝቅ ያለ ሙቀት ለፈርነሳችንም ለመብራታችንም ምሕረት ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 50 ዲግሪ ላይ ብረትና መዳብ ባለበት ዜድ-ኤስ-ኤም-5 የሚሠራም አለ። እሱን ለመማሪያ እንጂ ለምርት አልመክርም። የሚያልቀው ፐርኦክሳይድ ከሚገኘው ሜታኖል ይወደዳል።

ሥራውን ስትጨርሱ የመዳብ ውሃውን ወደ ማፍሰሻ አታፍስሱ። ከዚያ ወደ በሬሳ ወንዝ ይሄዳል፣ ከበሬሳ ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይጠጣል። ሁሉንም በአንድ ጀሪካን አጠራቅሙ። ሶዳ ጨምራችሁ አረንጓዴው እስኪዘቅጥ አቆዩት፣ ከላይ ያለው ውሃ ቀለም እስኪያጣ ጠብቁ፣ አጥልሉት። ዝቃጩን በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። በአሴቲክ አሲድ ሲሟሟ ለቀጣዩ ዙር ኮፐር አሲቴት ይሆናል።